ስልት ያጣ ተማሪ ስለት ይሳላል

«ተማሪ ራሱን ችሎ ቋንቋ ይማር ማለት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» አሉ ጋሼ ቲቸር። ሰማችሁ? እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉ እንጂ፤ እንዲህ ያለ ነገር በነጻ አይገኝም! ጋሼ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ስንት ሰው ተናገረ? አንድ። ማን? ራሳቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ክፍል ውስጥ ብቻ፤ ስታፍ ሩም ሲገቡ በአማርኛ ነው የሚያርፉት።

አይቆጡ ጋሼ። «ራስ ገዝ ተማሪ» ሲባል ለምን እንደደነገጡ ይገባናል። አንቀጽ 39 መስሎዎት ነው። ሦስተኛው ረድፍ እስከ መገንጠል ሊጠይቅ! ኋላ ወንበር የራሱን ባንዲራ ሊሰቅል! አይዞዎት፤ ልጁ የጠየቀው ድንበር አይደለም። የጠየቀው ተራ ነው፤ የመናገር ተራ። ኋላ ወንበር እንደሆነ ድሮም ተገንጥሏል፤ እርስዎ ፊትዎን ወደ ሰሌዳው ሲያዞሩ።

ነገሩን የጻፈው አንሪ ሆሌክ ነው፤ ፈረንሳይ አገር ናንሲ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ። ለአውሮፓ ምክር ቤት አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው ሥራው ምን አለ? ተማሪው የትምህርቱን ኃላፊነት ይረከብ አለ። ምን ልማር፣ በምን ልማር፣ እንዴት ልማር፣ ለመሆኑስ ተምሬያለሁ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ አለ። ይህ ችሎታ ደግሞ አብሮ አይወለድም፣ ይለመዳል አለ። የት ይለመዳል? እርስዎ ዘንድ ነዋ! ሰውየው ሥራ ሲጨምርልዎት እርስዎ «ሊያባርረኝ ነው» ብለው ጠበቃ ያፈላልጋሉ።

«ለባህላችን አይስማማም» ይላሉ ደግሞ። ለየትኛው ባህል ጋሼ? ቅኔ ቤት የማን ነው፣ የስዊድን? ግዕዝ እኮ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። የጎጃም ልጅ ግዕዝን የሚጀምረው እርስዎ እንግሊዝኛን እንደጀመሩት፣ ከዜሮ ነው። እሱ ግን ግስ አውርዶ፣ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ምስጢሩ ተፈትቶለት፣ «በል ሂድና ቁጠር» ይባላል። ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ማንም በማያናግረው ቋንቋ ማንም ያላለውን ነገር ሊል! በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደር ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ይቆጥራል፣ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። የዋሸራው መምህር ካልበቃው አኮፋዳውን አንግቶ ዋድላ ይሻገራል፤ መምህሩን ራሱ መርጦ! አውሮፓ ኮሚቴ ሰብስባ የጻፈችውን የእኛ ቆሎ ተማሪ በቆሎ ሲያስኬደው ኖሯል። እርስዎ በደመወዝ አቃተዎት።

«ዳዊት መድገምስ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቄ ነው የጠበቅኩዎት። ነው እንጂ! ማን ካደ? ግን ልጁ ሸምድዶ አልቀረም፤ አልፎ ቅኔ ገባ። እርስዎ ተማሪዎን «ኤ ፎር አፕል» ላይ አቁመው ጠፉ። አፕሉ ራሱ በስሎ ወደቀ።

እስቲ ክፍልዎ እንግባ። ፓሲቭ ቮይስ ያስተምራሉ። ተሳክቶልዎታል፤ ክፍሉ በሙሉ ፓሲቭ ሆኗል፣ ቮይስ ግን የለም። ሪፖርትድ ስፒች ያስተምራሉ። ልጁ ስፒች ሳያደርግ ምኑ ነው ሪፖርት የሚደረገው? ፊውቸር ቴንስ ያስተምራሉ። ልጁ ፊውቸሩን ባሰበ ቁጥር ራሱ ቴንስ ይሆናል። በመጨረሻ «ኢዝ ኢት ክሊር?» ይላሉ። ሰባ አፍ ባንድ ላይ «የስ ቲቸር!» ይላል። አንድም የገባው የለም፤ ግን ምን ያድርግ፣ «ኖ ቲቸር» የሚለውን አላስተማሩትማ!

«ሰባ ተማሪ ይዤ ምን ራስ መቻል አመጣህብኝ?» አሉ። ይቺ ከሁሉ ይሻላል፤ ለጋሼ አጨብጭቡላቸው። እኔም ሰባ ተማሪ ቀልድ አይደለም እላለሁ። አሁን ሒሳብ እንሥራ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ 2,400 ሰከንድ። ለ70 ቢካፈል ለአንድ ልጅ 34 ሰከንድ ይደርሰዋል። ይህም እርስዎ ከደወል እስከ ደወል አፍዎን ከዘጉ ነው! ጋሼ አፍዎን ከዘጉ ደግሞ ማን ስም ይጠራል? ማን «ሲት ዳውን» ይላል? ልጁ 34 ሰከንዱ ቀርቶ አራቷንም አያገኝ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢያወሩ ግን 35ቱ በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ብዛቱ ያሳሰበዎት እርስዎ አይደሉም? ታዲያ በተራ ከማሰለፍ በጥንድ ማስወራት የማን መፍትሔ ነው፣ የባለ ሰባው ወይስ የባለ ሰባቱ?

«ጫጫታ ይሆናል!» በቋንቋ ክፍል ድምፅ ተሰማ ብሎ የሚደነግጥ ሰው እንደርስዎ አላየሁም። ለቅሶ ቤት እንኳን ይወራል እኮ።

«ተማሪው ሰነፍ ነው» አሉ ቀጥለው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነበር፤ ፈተናው ደግሞ ከጥቂቱ በቀር በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ቀሪው 96.8 በመቶ በሙሉ ከማሕፀን ሰንፎ ነው የወጣው? ያንን ሰነፍ ያሉትን ልጅ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ይዩት። ከኮሜንታተሩ አፍ እየነጠቀ ነው። «ሃምስትሪንግ ኢንጀሪ!» «ክሊን ሺት!» «ስቶፔጅ ታይም!» ማን አስተማረው? ማንም። ማን ፈተነው? ማንም። ማን ቆነጠጠው? ማንም። እዚያ ተማረ። እርስዎ ጋ ሲመጣ ተማረረ። ልዩነቱ አንዲት «ረ» ናት፤ እሷን የጨመሩለት እርስዎ ነዎት።

«እኛም እኮ አሳታፊ ዘዴ ሞክረናል!» ትዝ ይለናል። አንድ ለአምስት ብለው አደራጁን። አንዱ ሠራ፣ አምስቱ ስማቸውን ጻፉ። ያኔ የተለማመድነው የስማችንን ስፔሊንግ ነው፤ እሱንም ጸሐፊው ይሳሳተው ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ መምህር ከግድግዳ ላይ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ተመለሰም አልተመለሰም ይቀጥላል። ሐኪም ቢጠይቁ ፕላዝማ ማለት ከደም ውስጥ ሕዋሱ ሲወጣ የሚተርፈው ፈሳሽ ነው ይልዎታል። ከክፍላችንም ሕይወት ያለው ሁሉ ወጣና ፈሳሹ ተረፈ።

ውጤቱን አዩት? ተማሪው ስልት የለውም። ስልት ያጣ ደግሞ ስለት ይገባል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ጃንጥላ ተሸክሞ የሚወጣው ማን መሰለዎት? የእርስዎ ልጅ ነው! «ገብርኤል ሆይ፣ ከፕሬዘንት ፐርፌክት አውጣኝ!» ይላል። መልአኩ በዚያ ቀን ከእቶን እሳት ያወጣው ሠለስቱ ደቂቅን ነው፤ ሦስት ልጅ። እርስዎ ሰባ ደቂቅ ይልካሉ። ትንሽ እንኳን አያዝኑም?

ስልት ምን እንደሆነ ካላወቁ ኦክስፎርድን ይጠይቁ። የለም፣ መዝገበ ቃላቱን አይደለም፤ እሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ሬቤካ ኦክስፎርድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ የቋንቋ መማሪያ ስልቶችን በስድስት ወገን ከፍለዋቸዋል። ቃል አስታውሶ መያዝ አለበት። ቃል ሲጠፋ በግምት፣ በእጅ፣ በሌላ ቃል መሙላት አለበት። ራስን መከታተል፣ ፍርሃትን ማባበል፣ ሰው መጠየቅ አለበት። መጽሐፉ ከከበደዎት ደግሞ ቤይሩት የሰው ቤት የምትሠራውን እህታችንን ይጠይቁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ «ሹ ሃይዳ?» ምንድን ነው ይሄ ማለት ነው። የቤቱን ሕፃን ጠየቀች፤ ሕፃን አይስቅባትም፣ ቢስቅም ይደግምላታል። ቃል ሲጠፋት በጣቷ አሳየች። ማታ በቴሌቪዥን ድራማው የሰማችውን ጠዋት ድንች እየላጠች ለራሷ አለችው። ጨውና ስኳር ብታምታታ የሚጠብቃት ኤፍ አይደለም፤ የእመቤቲቱ ጩኸት ነው። ኑሮዋን ላወድስ አይደለም፤ ቋንቋ ለመልመድ ብሎ ማንም ያንን ጣጣ አይመኝም። ግን ልጅቷ ስድስቱንም ወገን ያለ መጽሐፍ ጨረሰቻቸው። አንድ ዓመት ሳይሞላ በዐረብኛ ትከራከራለች። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እርስዎ ዘንድ የተማረችው እንግሊዝኛስ? «ፋይን፣ ሃው አር ዩ» ላይ ቆሟል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

«በራሳቸው ከተለማመዱ ስህተት ይላመዳሉ!» ኧረ ጋሼ! ሰዋስው ጨርሶ የማይሳሳት ሰው ከፈለጉ ፎቶግራፍ ያስተምሩ። ልጁ «ሺ ጎ» ሲል እርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ይመዛሉ። መሄዷ ገብቶናል እኮ! የቀረችው «ኤስ» ነች፤ እሷም ነገ ትደርስበታለች። ልጁ ግን እስክሪብቶውን አይቶ «ሺ»ንም ትቶ ሄደ።

«በጀት የለንም» አሉ ሲጨንቃቸው። ያዟቸው፣ ወደ ፋይናንስ ሊያመልጡ ነው! ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ዘዴ ምን ይጠይቃል? ያለቀ ደብተርና የጫማ ካርቶን። ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፣ ጀርባው ላይ ፍቺውን። ያስታወሰው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ ዘግየት ብሎም ይጠየቃል። የረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርቶን አዋጅ ሳይወጣለት ደካማውን ከጎበዙ ለይቶ ይረዳል። እርስዎ «ደካሞች ኋላ ተቀመጡ» ከማለት በቀር ምን አደረጉ?

ዴንማርክ ውስጥ ሌኒ ዳም የሚባሉ የእንግሊዝኛ መምህርት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ልጆቹን «ዛሬ ምን እንሥራ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ልጆቹ ይመርጣሉ፣ የሠሩትን በየራሳቸው ደብተር ይመዘግባሉ፣ ምን ሠራ ምን አልሠራ ብለው ራሳቸው ይገመግማሉ። ዴንማርክ አልፈረሰችም። መምህርቷም አልተባረሩም፤ ዓለም እየጠራ ያናግራቸው ጀመር። እርስዎን የሚጠራዎት ዩኒት ሊደሩ ብቻ ነው፤ ለዚያውም «ሌሰን ፕላን የታለ?» ለማለት።

በሉ እርስዎም ነገ ይሞክሯት። ጠመኔውን ያስቀምጡና «ከእነዚህ ሁለት መልመጃዎች የቱን እንሥራ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንዱ አንዱን ያያል። አንዷ «ቲቸር አሞታል እንዴ?» ብላ ታንሾካሹካለች። ያኔ ወደኔ ዞረው «አየህ፣ አይችሉም አላልኩህም?» እንዳይሉኝ። ዝምታውን ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት፤ በሱ ደግሞ ሰባውም ኤ አምጥተዋል።