ሳጉሬን አለፍ ብሎ የፈነዳው ጎማ

አሰልጣኝ ልጆቹን ሰብስቦ ሲናገር መስማት እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ቡድን ሲጫወት ሜዳ ዳር የምቆመው ለእረፍቱ ሰዓት ንግግር ነበር። «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» ብሎ የሚጀምር ነበር፣ ተጫዋቾቹን የሚያስለቅስም ነበር። ቡድኑ ለጥቂት ደቂቃ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ዓመታት የሚዘልቀው ንግግር የትኛው ይሆን? ወደ በቆጂ ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ይህች የአርሲ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አብቅላለች። በ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራቱንም ወርቆች ያመጡት ቀነኒሳና ጥሩነሽ ናቸው፤ ሁለቱም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር። ብዙዎቹን ገና በልጅነታቸው የያዛቸው የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ነው። እኔም ማለዳ ሜዳ ላይ ተገኝቼ አሰልጣኞች ለልጆች የሚሉትን በጆሮዬ ልሰማ ተነሣሁ።

አሰላ ላይ መኪና ቀይሬ፣ ሳጉሬን አለፍ እንዳልን የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታውም አየር አልነበረውም። ረዳቱ ሁለቱንም ጎማ አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ አሰላ ተመለሰ። መሸ፣ ዝናቡም መጣ። የአርሲ ደጋ ብርድ በጋቢ የሚመለስ አይደለም። ራቅ ብሎ የአንድ ሻይ ቤት መብራት ይታያል። ሁለት ወጣቶች «እኛ እንቅደም» ብለው እርምጃ ሲጀምሩ ከኋላ ወንበር የነበረች ሴት ጠራቻቸው።

«ማንም ብቻውን አይሄድም። አዴ ከፊት ይሁኑ፣ ሁላችንም በእሳቸው እርምጃ።»

አዴ ያለቻቸው ከባድ ዘንቢል የያዙ አሮጊት ናቸው። በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላቸው ዘንቢሉን ተቀበለች፣ ለአንደኛው ወጣትም አሸከመችው። ወጣቶቹ አልተከራከሩም። ጭቃውን እያቦካን፣ አዴ ሲቆሙ እየቆምን፣ ሲራመዱ እየተራመድን ሻይ ቤቱ ደረስን።

እሳት ዳር ተቀምጠን ጠየቅኋት። ልጅ ሳለች በቆጂ ሯጭ ነበረች። ክለብ አልገባችም፣ ሜዳሊያም የላትም፤ አሁን አስተማሪ ናት።

«ጫካ ስንገባ አሰልጣኛችን ደካማዋን ከፊት ያስቀድማት ነበር» አለችኝ። «‹ከኋላ ከሆነች መጥፋቷን ማን ያያል?› ይለናል። በየማለዳው፣ ገና ሳናሟሙቅ። ሰልችቶን ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ተማሪዎቼን ወንዝ ሳሻግር ከአፌ የሚወጣው እሱው ነው።»

ይህን ስትለኝ ትዝ ያለኝ አቴንስ ነው። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ እግሩን እያመመው ነበር የሮጠው። ሲርቅባቸው ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ደጋግመው ወደ ኋላ ይዞሩ ነበር። የኦሊምፒክ ወርቅ ከፊት እያለ አንገት የሚያዞር ሯጭ! ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጡ። ያን ቡድን የያዙት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ቁጣቸውና ስለ ጥብቅ ሥርዓታቸው ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብራቸው ለዚያ አንገት ማዞር ነው። በአንድ ቀን ምክር እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም፤ እንጦጦ ላይ ለዓመታት አብሮ መሮጥ ይጠይቃል።

የደራርቱ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በ2002 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ደራርቱ አብራት እንድትቀጥል ታበረታታት ነበር። ተቀናቃኟን! ከዚያም ውድድሩን አሸነፈች፤ ያኔ 37 ዓመቷ ነበር። ለዚህች ሴት በልጅነቷ የተነገራት ነገር ከቡድንም፣ ከባንዲራም አልፎ ሄዷል።

አሰልጣኝን በሜዳሊያ ብቻ መመዘናችን ያሳዝነኛል። በማለዳ ከሚሰለፉት ልጆች ኦሊምፒክ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። የቀሩት ነርስ፣ ገበሬ፣ ሾፌር፣ እናት ይሆናሉ፤ የአሰልጣኙም ቃል በብዛት ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ማንም ሄዶ አይጠይቃቸውም።

ጎማው የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። በቆጂ ስንገባ ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ነበር። አስተማሪዋ ከመለያየታችን በፊት አብረዋት ይሮጡ የነበሩ የሁለት ሴቶችን ስልክ ሰጠችኝ። አንዷ አሰላ ነርስ ናት፣ ሌላዋ እዚያው ሳጉሬ አጠገብ ከብት ታረባለች። ለሁለቱም ደውያለሁ። ነርሷ ከፋሲካ በኋላ ፈረቃዋ ሲቀየር እንድመጣ ነግራኛለች፤ ከብት አርቢዋ ግን «ለምን ትጠብቃለህ? ነገ ና» ብላኛለች።