ዣንጥላ ለዣንጥላ

ኮሮና ግሪክ በገባ ጊዜ የሰዉ ሁሉ ጭንቀት ሳል ነበር። በመራራቅ መመሪያው ሳቢያ ምስጢር የሚባል ነገር እንደሚጠፋ ያሰበ አልነበረም።

አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር፣ በልቤ እትዬ የምላቸውን አንዲት አረጋዊት እየጦርኩ እኖራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ ከደጃፍ ለመውጣት ወደ 13033 መልእክት መላክ ግድ ነበር፤ 2 ለገበያ፣ 6 በእግር ለመንሸራሸር ወይም ውሻ ለማናፈስ። አመሻሽ ላይ የኮሮናውን መግለጫ የሚሰጡት ዶክተር ሶቲሪስ ጺዮድራስ በቴሌቪዥን ብቅ ሲሉ እትዬ አማትበው ያዳምጡ ነበር። በግንቦት ወር መጨረሻ መርከቦች ግማሽ ያህል ሰው ብቻ እየጫኑ የደሴቶቹ መንገድ ሲከፈት፣ ጓዛችንን ሸክፈን ከፒሬየስ ወደብ ኤጊና ተሻገርን። ለጥቂት ቀን የተባለው ዕረፍት የደሴቲቱ ዝነኛ ፒስታቺዮ እስኪለቀም ተለጠጠ።

በዚያን ጊዜው ደንብ ባሕር ዳር ከዣንጥላ እስከ ዣንጥላ አራት ሜትር መኖር ነበረበት። ባለካፌው በሜትር እየለካ ተከላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ርቀት ወሬውን ይተዋል። ግሪኮች ግን ድምፃቸውን ጨመሩ። አንዷ ኮክ በቢላ እየላጠች የምራቷን ስስት ታወራለች፤ ከማዶ ያለው ጡረተኛ ስለ ኪንታሮቱ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአምናውን ፒስታቺዮ የዘንድሮ ነው ብሎ የሸጠው ማን እንደሆነ ከነአባቱ ስም ይናገራል። እኔ ያደግሁት «ሆድ ይፍጀው» በሚባልበት ቤት ነው። ቁም ነገር የሚወራው ልጆች ወደ ውጭ ከተላኩ በኋላ፣ ያውም በሹክሹክታ ነው።

ደመወዜን የሚከፍለው የእትዬ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአቴንስ ይመጣል። እናት አያስጠጉትም። «አንተ ከሰው ጋር የምትውል ነህ፤ እዚያው!» ብለው ማዶ ያለው ዣንጥላ ሥር ያስቀምጡታል። ከክረምት ጀምሮ ጭማሪ ልጠይቀው ብቻውን የማገኝበትን ሰዓት ስጠብቅ ከርሜያለሁ። አንድ ቅዳሜ ቆረጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ።

«አልሰማሁም!» አለ።

ትንሽ ከፍ አደረግሁ። አሁንም አልሰማም።

«ደመወዝ!»

ባሕር ዳሩ ጸጥ አለ። ኮክ የምትልጠው ሴትዮ ቢላዋን አስቀመጠች። ኤጊና እ.ኤ.አ. በ1828 የግሪክ መንግሥት መዲና የነበረች፣ የመጀመሪያው መሪ ካፖዲስትሪያስ ቃለ መሐላ የፈጸሙባት ደሴት ናት፤ ጉባኤ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስተምራት አያስፈልግም።

«ስንት ነው የምትከፍላት?» አለች ሴትዮዋ።

ልጅየው አጉተመተመ።

«አልሰማንም!» አሉ ዣንጥላዎቹ በአንድነት።

ቁጥሩን ተናገረ። «ፖ ፖ ፖ!» የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር አስተጋባ። ባለኪንታሮቱ ጡረተኛ ከወንበሩ ቀና ብሎ «እሑድንም ጨምሮ? ኤንሲማዋን፣ የጡረታ መዋጮዋንስ ትከፍላለህ?» እያለ እንደ ዐቃቤ ሕግ አፋጠጠው። የፒስታቺዮውን ሌባ ያጋለጠው ሰውዬ የእህቱ ሞግዚት የምታገኘውን ጠቀሰ። ልጅየው መነጽሩን አውልቆ ዘሎ ባሕር ገባ።

«እስክትወጣ እንጠብቅሃለን!» አሉ እናቱ። ከእኔ ጋር መቆማቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጣቱ እስኪጨማደድ ዋኘ። ሲወጣ ጭማሪውን ፈቅዷል፤ ኤንሲማውም ሳይቀር። ባሕር ዳሩ አጨበጨበ።

በማግስቱ አስተናጋጁ በረዶ የሞላውን ፍራፔ አስቀመጠልኝና «እንኳን ደስ ያለሽ! ትናንት የፈረዱልሽ ዣንጥላዎች ቡና በአንቺ ነው ብለዋል» አለኝ። ሂሳቡን በጆሮዬ እንዲነግረኝ ጠጋ ስል ወደኋላ አፈገፈገ። «ርቀትሽን ጠብቂ!» ብሎ ድምሩን ጮኾ ነገረኝ። ይህን ያህል ሰው እየሰማ እንዴት አልከፍልም ይባላል?