ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ ልኬት አያያዝ የወጣ የፌዝ አዋጅ ቁጥር 0.05

በትምህርትና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ የሚካሄድ ጥናት የሚያጠናውን ሕዝብ በሙሉ ማዳረስ ስለማይችል፣ ከብዙው ጥቂቱን ወስዶ ስለ ብዙው መናገር ግድ የሚለው በመሆኑ፤

ይህ ናሙና የሚባለው ጥቂት ለብዙው ሊመሰክር የሚችለው እያንዳንዱ ሰው የታወቀ የመመረጥ ዕድል ሲኖረው ብቻ ነው የሚለው አሮጌ ሥርዓት፣ ስም ዝርዝር ማሰባሰብን፣ ዕጣ ማውጣትን፣ ተዘግቶ የተገኘን ቤት ተመልሶ ማንኳኳትን የሚጠይቅና የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀንን ከግምት ያላስገባ ሆኖ በመገኘቱ፤

እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ከሰበሰበ በኋላ አልፍ ላንደን በምርጫው ያሸንፋል ብሎ ሲተነብይ፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ መውሰዱ፣ የመጽሔቱ የአድራሻ ዝርዝርም በአብዛኛው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች የተለቀመ መሆኑ፣ ጆርጅ ጋሉፕ ግን እጅግ አነስተኛ በሆነ ናሙና አሸናፊውን አስቀድሞ ማወቁ፣ በየምርምር ዘዴ ክፍለ ጊዜው ለተማሪ መተረኩ የብዙ መጠይቅ ባለቤቶችን ሞራል የሚነካ በመሆኑ፤

ጉዳዩ የሚመለከተው አካል የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተገኘው ይሙላ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «አካላይ» ማለት ጥናቱ ሊናገርለት የፈለገው ሕዝብ በሙሉ ሲሆን፣ ለአፈጻጸም ሲባል ግን አጥኚው ታክሲ ሳይቀይር ሊደርስበት የሚችለው ሕዝብ ብቻ ነው። «የናሙና መነሻ ዝርዝር» ማለት ዕጣው የሚወጣበት የአካላዩ አባላት ስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ በመሳቢያ ተቆልፎበት ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ የሆነ እንደሆነ ዝርዝሩ እንደሌለ ይቆጠራል። «የዕጣ ናሙና» ማለት ከዚሁ ዝርዝር ላይ ሰው በዕጣ የሚለይበት፣ «አመቺ ናሙና» ማለት ደግሞ ቅርብ የተገኘው ሰው የሚወሰድበት አሠራር ሲሆን፣ አዋጁ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በአመቺ ናሙና የተሠራ ጥናት ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ሦስት ላይ «በቀላል የዕጣ ናሙና» እንደተሠራ ተደርጎ ይጻፋል። «ጉዳዩ የሚመለከተው አካል» ማለት ይህን አዋጅ ያወጣው አካል ነው፤ አድራሻው ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ይገለጻል። በወንድ ጾታ የተነገረው የሴትንም ጾታ ይጨምራል፤ በናሙናው ውስጥ አንዲትም ሴት መምህርት ያልተገኘች እንደሆነ ይህ ድንጋጌ ሴቶችን ለማካተት በቂ ሆኖ ይወሰዳል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ናሙና መጠን

የናሙና መጠን በየመመረቂያ ጽሑፉ «ያማኔ 1967» እየተባለ በሚጠቀሰው የታሮ ያማኔ ቀመር ይሰላል። ቀመሩ የአካላዩን ብዛት በስህተት ወሰኑ ካሬ አባዝቶ አንድ ይጨምርና ብዛቱን ለዚሁ ውጤት ያካፍላል፤ ስለዚህ 1,200 መምህራን ባሉበት ክፍለ ከተማ የስህተት ወሰኑ 0.05 ሲሆን፣ 1,200 ለ4 ተካፍሎ 300 ይወጣል። አካላዩ የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ከ400 ስለማያልፍ፣ ለአገር በሙሉ የሚበቃው ቁጥር ከወዲሁ ታውቋልና ማንም አጥኚ ቀመሩን ደግሞ በማስላት ወረቀት እንዳያባክን። 384 የሚለውን ቁጥር የሚወድ አማካሪ የገጠመው ተማሪ ክሬጂሲና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡትን ሰንጠረዥ ይጠቀማል፤ በ384ና በ400 መካከል ያለው የ16 ሰው ልዩነት በመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ላይ እስከ ግማሽ ሰዓት ሊያከራክር የሚችል ሲሆን፣ 16ቱም ሆኑ 384ቱ ከየት እንደመጡ ግን አይጠየቅም።

ቀመሩ የሚሠራው ሰው በዕጣ ተለይቶ የተመረጠ እንደሆነ ነው የሚለው ግዴታ በመጽሐፍ ውስጥ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ 300ውን መምህራን ከ3 ትምህርት ቤቶች፣ ከእያንዳንዱ 100 አድርጎ መውሰድ ይቻላል። በአንድ ርዕሰ መምህር ሥር የሚሠሩ፣ በአንድ የደመወዝ መዘግየት አብረው የሚያማርሩ መምህራን መልሳቸው ስለሚቀራረብ፣ ባለሙያዎች ይህን መቀራረብ የውስጠ ቡድን ዝምድና ይሉታል፤ ዝምድናው 0.1 ብቻ ቢሆን እንኳ 99 በ0.1 ተባዝቶ አንድ ሲደመርበት 10.9 ይመጣል፤ 300 ለዚህ ሲካፈል የ300ው ሰው መረጃ ከአካላዩ በሙሉ በዕጣ ከተለዩ 28 ያህል ሰዎች መረጃ የበለጠ ክብደት እንደሌለው ይታያል። ይህ ስሌት ትክክል በመሆኑ የተከለከለ ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ መጠይቅ አበታተን

መጠይቅ በትምህርት ቤት የሚበተነው በዕረፍት ሰዓት ነው። አጥኚው የትብብር ደብዳቤውን ለርዕሰ መምህሩ ያቀርባል፤ ርዕሰ መምህሩ ለምክትሉ፣ ምክትሉም ለትምህርት ክፍል ተጠሪው ይመራዋል፤ ተጠሪው ጥራዙን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አጥኚው ስለማያውቅ ዕጣ እንደ ወጣ ይቆጠራል።

አንድ መምህር ለቀሩ ባልደረቦቹ በውክልና የሚሞላ እንደሆነ በየመጠይቁ እስክሪብቶ መቀየር ይኖርበታል፤ ሁሉንም ምልክት ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ማሰለፍም ነውር ስለሆነ በየአምስተኛው ጥያቄ ወደ ጎን አንድ ሣጥን ፈቀቅ ይላል። የመጨረሻው ገጽ በወረቀቱ ጀርባ ላይ የታተመ በመሆኑ ሳይሞላ የቀረ እንደሆነ አጥኚው በ3 ይሞላዋል፤ 3 «ለመወሰን እቸገራለሁ» ማለት ነውና ለባዶ ወረቀት ከዚህ የሚቀርብ መልስ የለም። የሻይ ብርጭቆ ያረፈበት መጠይቅ፣ ክብ ምልክቱ በየትኛው ሣጥን ላይ እንደወደቀ ታይቶ ይመዘገባል።

መጠይቁን ያልመለሱ ሰዎች ከመለሱት የተለየ ሐሳብ ሊኖራቸው ይችላል፣ ምናልባትም ያልመለሱት በዚያው ሐሳባቸው ምክንያት ነው የሚለው ጥርጣሬ በሥራ እርካታ ጥናት ላይ አይነሣም። ሥራው አንገሽግሿቸው የለቀቁት መምህራን በዕለቱ በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ልኬት

የሰው አመለካከት የሚለካው ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ባስተዋወቀው፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» በሚደርስ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ነው። ስታንሊ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 እንዳመለከተው ቅደም ተከተልን ብቻ የሚያሳይ ቁጥርና በእኩል ርቀት የሚራመድ ቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ በ«እስማማለሁ»ና በ«በጣም እስማማለሁ» መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነም የለካው የለም። ይሁን እንጂ አማካይ ውጤቱ 3.47 ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ መኖሩ ለሳይንሳዊነቱ በቂ ማስረጃ ነው። «ርዕሰ መምህሩ ፍትሐዊና ትጉህ ናቸው» የሚል ጥያቄ፣ ርዕሰ መምህሩ ትጉህ ሆነው ፍትሐዊ ያልሆኑ እንደሆነ መላሹን ሊያስጨንቀው ቢችልም፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ መስመር በማስፈሩ ወረቀት ስለሚቆጥብ የሚበረታታ ነው። መላሹ ሳያነብ እየተስማማ እንዳያልፍ ተብሎ በአሉታ የሚጻፈው፣ ነጥቡም ሲመዘገብ 1 ወደ 5፣ 5 ወደ 1 የሚዞረው የተገላቢጦሽ ጥያቄ፣ ከመረጃው በፊት ሳይሆን ከውጤቱ በኋላ እንዲገለበጥ ተፈቅዷል።

መለኪያው ወጥ መልስ መስጠቱ አስተማማኝነት፣ ይለካል የተባለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ደግሞ ተገቢነት ይባላል፤ ኪሎውን ሁልጊዜ በመቶ ግራም የሚያጎድል የሥጋ ቤት ሚዛን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያሟላም። በዚህ አዋጅ መሠረት የሚመረመረው የመጀመሪያው ብቻ ሲሆን፣ ምርመራውም ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው አልፋ ይካሄዳል። አልፋው ከ0.70 በታች የወረደበት አጥኚ መደናገጥ የለበትም፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው አማካይ ዝምድና 0.1 ብቻ ሆኖ 10 ጥያቄዎች 0.53 ያስገኙ እንደሆነ፣ ዝምድናው ሳይሻሻል ጥያቄዎቹን 40 ማድረስ አልፋውን ወደ 0.82 ያደርሰዋልና፣ «ደስተኛ ነኝ»፣ «ደስታ ይሰማኛል»፣ «ደስ ብሎኛል» እያለ ይጨምር። መላሹ በ31ኛው ጥያቄ ላይ ደስታው ቢጠፋ የአጥኚው ኃላፊነት አይደለም።

አንቀጽ 6፦ የተከለከሉ ጥያቄዎች

ማንኛውም ፈታኝ «ዕጣው የወጣበትን ዝርዝር ማየት ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለ ገጽ ኅዳግ ስፋትና ስለ ዋቢ ጽሑፎች ነጠላ ሰረዝ ያለ ገደብ መጠየቅ ይችላል።

አንቀጽ 7፦ ተፈጻሚነት የማይኖራቸው አሠራሮች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም አሠራር ተፈጻሚነት አይኖረውም። በተለይም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የተወረሰውን የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ይዞ ከተማና ገጠርን በየክልሉ ለይቶ 645 ቦታዎችን መምረጥ፣ በየቦታው ቤቶችን እንደገና መመዝገብ፣ ከምዝገባውም 28 አባወራና እማወራ ቤቶችን ለይቶ፣ የተመረጠው ቤት ሰው ቢጠፋበት የጎረቤቱን መተካት መከልከል፣ ለድህረ ምረቃ ተማሪ መጥፎ አርአያ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ሥራ የሠሩት ሰዎች መኪናና የውሎ አበል ነበራቸው፣ ተማሪው ግን ያለው የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል፤ እውነቱን ለመናገር የዚህ አዋጅ አንቀጾች ሁሉ የተመሠረቱት በዚሁ መከራከሪያ ላይ ሲሆን፣ የበጀት ጉዳይ ግን ከአዋጁ የተፈጻሚነት ወሰን ውጪ ነው።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ረቂቁ የሕዝብ አስተያየት ይሰጥበት ዘንድ ለ400 ሰዎች ተበትኖ ጥቂቱ ተመልሷል። ከመለሱት አብዛኞቹ «በጣም አልስማማም» ያሉ ቢሆንም ጥያቄው የተገላቢጦሽ ጥያቄ እንደነበረ ዘግይቶ በመታወቁ ነጥባቸው ተገልብጧል፤ ላልተመለሱት ወረቀቶች በአንቀጽ 4 መሠረት 3 ተሞልቶላቸዋል። ስለዚህም ይህ አዋጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ከመድረሱ ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የጸና ይሆናል።