ገዳይ አለ፣ ቀባሪ የለም

እሑድ ከሰዓት፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ኡበር የሚነዳው ወዳጄ ከኪሱ ትንሽ የሊስተሪን ጠርሙስ አውጥቶ ተጉመጥምጦ ተመለሰና ለከፈኝ።

«ጥርስ መቦረሽ ትቻለሁ። ይሄ ጀርም ገዳይ ነው!»

«ገዳይስ ገዳይ ነው፤ ቀባሪ ግን አይደለም። ጥርስህ ላይ የተለጠፈው ጀርም አጥር አጥሮ፣ ተደራርቦ ነው የሚኖረው። ጠርሙሱ ደጅ ያገኘውን ይጥላል፤ ጓዳ የተቀመጠውን የሚያስወጣው ብሩሽና መፋቂያ ነው።»

«ሲያቃጥል ብታይ! ካቃጠለ ሠራ ማለት ነው።»

«ሚጥሚጣም ያቃጥላል፤ በሚጥሚጣ የጸዳ ጥርስ አይተሃል? ጀርሙን የሚጥለው ማቃጠሉ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዘይት የጀርሙን ሽፋን በስቶ ሆድ ዕቃውን ሲያፈስሰው ነው።»

«የፈረንጅ ጥበብ በለኛ!»

«ስሙማ የፈረንጅ ነው። ሊስተሪንን ዶክተር ጆሴፍ ሎረንስ በ1879 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ሲቀምመው ለቀዶ ጥገና ማጽጃ ነበር። ውስጡን ብትጠይቀው ግን ቲሞል አለው፤ እናትህ ሻይ ላይ ጣል የሚያደርጉት ጦስኝም አለው። ኡካሊፕቶል አለው፤ ጉንፋን ሲይዝህ የታጠንከው ባሕር ዛፍም አለው።»

«ታዲያ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ለምን አልለቀቀኝም?»

«ደምህ ውስጥ ገብቶ በሳንባህ እየወጣ ነዋ! ሳንባህንም ልታጉመጠምጠው ነው?»

ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ገቡበት። «ለእኔ የታዘዘልኝ መጉመጥመጫ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ ጥርሴን ቡና አስመሰለው!»

«እትዬ፣ እሱ ጥርስና ድድ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠራል፤ ጉልበቱም እዚያ ነው። የቡናና የሻይን ቀለምም ያው ይዞ ያስቀራል። ሐኪም ከቆረጠልዎት ቀን አያሳልፉት።»

ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርህ፤ ድድ ይደማኛል። የጥርስ ሐኪም ዋጋ ፈርቼ ነው በጠርሙስ የምገፋው።»

«ወንድሜ፣ ዛሬ የሸሸኸው ሂሳብ ነገ ከነወለዱ ይመጣል። ጠርሙሱ ሽታውን ይሸፍንልሃል፤ ድድህ ግን ከሥር መታመሙን አይተውም።»

«ልጣለው እንግዲህ?»

«አትጣለው፤ ተራውን አስይዘው። ጠዋትና ማታ ቦርሽ፤ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ጥርስህ ላይ ይቆይ። በሌላ ሰዓት ሠላሳ ሰከንድ ተጉመጥመጥና ትፋው። ነገ ግን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝ፤ እኔው አደርስሃለሁ።»

«ኡበር ነጂውን ልትነዳው?»

«ሁልጊዜ አንተ ሰው ታደርሳለህ፤ ነገ ያንተ ተራ ነው።»