ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ጓዝና በጀቱ፦ መነሻ ጥናት

የጓዝ በጀት ማለት ኑሮ ከሚሻልበት ከተማ ኑሮ ወደሚከብድበት ከተማ የሚዛወር ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት የሚጽፈው ሰነድ ነው። የሚጻፍበት ወረቀት ከልጅ የሒሳብ ደብተር መሐል ይገነጠላል፤ መሐሉ የተመረጠው ሁለት ገጽ ሳይቀደድ አብሮ ስለሚወጣ ነው። ሰዓቱ ከራት በኋላ ነው። ጸሐፊው አባወራ፣ አራሚዋ እማወራ ናት። በመጀመሪያው ማታ ገቢና ወጪ እኩል ለእኩል ይመጣሉ። ውጤቱ ተአምር ቢመስልም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ማታ በቤቱ ውስጥ የአዲስ አበባን ወጪ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጥናቱ የሚያተኩረው ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ባለው 401 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የጎንደሩም፣ የደብረ ማርቆሱም፣ የጅማውም ጓዝ የየራሱ ጠባይ አለው፤ አልናቅነውም። የደሴው የተመረጠው መንገዱ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ እንደገና ጣርማ በር ላይ ስለሚወጣ ነው። ጓዝ ደጋና ቆላ ሲፈራረቅበት የሚያሳየው ጠባይ በኋላ ይጠቅመናል።

ተዛዋሪዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ባለደብዳቤ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አዛውሮት የጓዝ ማንሻ አበል ሰጥቶታል። ገንዘቡ ጓዙን ከደሴ ለማስነሳት ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ የት እንደሚያርፍ ደብዳቤው አንድም ቃል አይናገርም። ሁለተኛው ባለተስፋ ነው፤ “እዚያ ሥራ አይጠፋም” ያለው ሰው አለ፣ ያ ሰው ግን ስልክ አያነሳም። ሦስተኛው ልጆቻቸው ቀድመው ገብተው “ይምጡና አብረውን ይኑሩ” ያሏቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው በጀት አይጽፉም። ጓዛቸውም አንድ ጋቢ፣ አንድ ከዘራና አንድ ሬዲዮ ስለሆነ ከጥናቱ በክብር ተሰናብተዋል።

የገቢው ገጽ አጭር ነው። “ደመወዝ” ተብሎ ይጻፋል፣ ይሰመርበታል። አገሩ 13 ወር እያለው ደመወዙ 12 መሆኑን አንስተው የጳጉሜን ራት በየትኛው ርእስ እንደሚያዝ የጠየቁ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች አልጠፉም። ችግሩ ደሴም የነበረ ነው ተብሎ ታልፏል።

የወጪው ገጽ በቤት ኪራይ ይጀምራል። መረጃው ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። አንዱ የአክስት ልጅ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የኖረ ሰው ስለሆነ ምስክርነቱ ይከበራል፤ የሚጠራው ዋጋም እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን እሱ ከዚያ ቤት እስከወጣበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ሌላው ደላላ ነው። ደላላ ዋጋ አይናገርም፤ “እናስማማለን” ይላል። ቤቱ ከአስፋልት 5 ደቂቃ መሆኑን ይነግራል፣ በእግር ይሁን በባጃጅ አያብራራም።

ሕግ አዋቂ የሆነ ቤተሰብ እዚህ ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይጠቅሳል። አዋጁ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አባወራው “ቅድሚያ፦ የ2 ወር” ብሎ በደስታ ይጽፋል። አዋጁን ደላላውም ያውቀዋል፤ አከራይዋም ያውቁታል። ሦስቱም የሚያውቁትን አዋጅ መጀመሪያ በአፉ የጠራ ሰው ግን ቤቱ ወዲያውኑ “ተይዟል” ይባላል።

ቤት እስኪገኝ ዘመድ ቤት ይታረፋል። በበጀቱ ላይ “ለጊዜው፦ 0 ብር” ተብሎ ሰፍሯል። ለዘመድ ባዶ እጅ አይገባምና ግማሹ ቅቤና ሙሉው ማር እዚያ ይቀራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የቤቱ እመቤት ማንንም ሳትናገር ሳህን በኃይል ማስቀመጥ ትጀምራለች። ለሳህን ድምፅ የተያዘ በጀት የለም።

ትራንስፖርትም እንዲሁ ነው። ደሴ ላይ ከሆጤ ፒያሳ በእግር ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ፣ ቤቱ ኮተቤ ስለሚሆን “አንድ ታክሲ” ተብሎ ይያዛል። አንዱ ታክሲ መገናኛ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ ቀለብ ነው። እማወራ እርሳሱን የምትቀማው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ከደሴ ይጫናል፤ ሽሮና በርበሬው ተዘጋጅቷል፤ ስለዚህ “እንጀራ፦ 0 ብር”። ስሌቱ እንከን አይወጣለትም። ጤፉም በሰላም ይደርሳል። ከዚያ አከራይዋ ስንት ነፍስ እንደሆኑ፣ እንግዳ ይበዛባቸው እንደሆነ ጠይቀው ሲያበቁ፣ “ምጣድ ግን አይሰካም፤ ቆጣሪው አይችልም” ይላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጤፉ ከቀለብነት ወደ ቤት ዕቃነት ይዛወራል። ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ብርድ ልብስ ይደረደርበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ይቀመጥበታል። እንጀራው ከሱቅ በቁጥር ይገዛል።

አሁን ወደ ጓዙ እንግባ። አልጋ ይፈታል፤ ብሎኑ በካልሲ ይቋጠራል፤ ካልሲው ይጠፋል። ሶፋው ይሄዳል። ቡፌው አይሄድም፤ ለእህት “አደራ” ተብሎ ይሰጣል፣ ማለትም አይሰጥም። ቴሌቪዥኑ በፍራሽ ይጠቀለላል። ይኸው ነው። የቀረው የጥናታችን ዋና ጉዳይ ነው፤ እሱም ጀሪካን ነው።

አንድ መካከለኛ የደሴ ቤተሰብ ስንት ጀሪካን እንዳለው ቢጠየቅ “አራት አምስት ይሆናል” ይላል። ሲቆጠር ከደርዘን ያልፋል። ጀሪካን ገዛሁ የሚል ሰው ግን አይገኝም። ዘይቱ ሲያልቅ እሱ ይቀራል፤ ለድግስ አንድ ተውሶ የሄደ ጎረቤት ሁለት ይመልሳል። የጣለም ሰው የለም። በዚህ የተነሳ ቁጥሩ የሚያውቀው መጨመርን ብቻ ነው።

ምድብ ሀ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ነው። የዘሩ አለቃ እሱ ነው። ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል፣ ባዶውን በሁለት ጣት ይንጠለጠላል። ምድብ ለ ክዳኑ የጠፋበት ነው። ይህ በውታፉ እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ በፌስታል የሚወተፍና በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚወተፍ። የፌስታሉ ያንጠባጥባል። የቆረቆንዳው ውታፍ አንድ ቀን ወደ ውስጥ ይወድቅና የጀሪካኑ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። ምድብ ሐ ነጭ ጋዝ የነበረበት ነው። በኦሞ ታጥቧል፣ ጠጠር ተጨምሮበት ተንጧል፣ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ከርሟል፤ ሽታው አልለቀቀም። ውኃ አይቀዳበትም፣ አይጣልምም። “ይኼን እንኳ ተዉት” ሲባሉ “ምን አደረገን?” ብለው ይመልሳሉ፤ እውነትም ምንም አላደረጋቸውም።

ምድብ መ የመታጠቢያ ቤቱ ነው። በመልኩ ከሀ ጋር አንድ ስለሆነ እጀታው ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። አንድ ጊዜ ክር የታሰረበት ጀሪካን ወደ ማድ ቤት አይመለስም፤ ክሩ ቢበጠስም አይመለስም፤ እማወራ ታውቀዋለች። የጭነት ቀን ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊረዳ የመጣ ደግ ጎረቤት ሀንና መን በአንድ ገመድ ይቋጥራል፤ ገመዱ ሲያጥርበት ክሩን ፈትቶ ይቀጥልበታል። እንዲህ በሆነበት ቤት ሁሉም መ ይሆናሉ።

ምድብ ሠ ወገቡ ተቆርጦ ጤና አዳም የተተከለበት ነው። ጀሪካን ይባል ወይስ ጓሮ የሚለው ክርክር ሌሊቱን አጋምሷል። አባወራው አፈር ከወሎ ሸዋ መጫን ነውር መሆኑን ተናገረ። እማወራ ያለ ጤና አዳም ቡና የሚጠጣ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይልመድ አለችው። ሠ ጋቢና፣ በእሷ እግር መካከል እንዲጓዝ ተወሰነ።

የበጀቱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአይሱዙ ዋጋ የሚቆረጠው ዕቃው በሚይዘው ቦታ ነው። ትንንሾቹንና የተቆረጠውን ትተን አሥሩ ባለ 20 ሊትሮች ባዷቸውን ሲጫኑ ቤተሰቡ 200 ሊትር የደሴ አየር ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ ገንዘብ እየከፈለ ነው። አባወራው ይህን አስልቶ “እዚያው አዲስ እንገዛለን” ይላል። “ጀሪካን ይገዛል እንዴ?” የሚለው መልስ በዚህ ቤት ከአዋጅ ቁጥር 1320 የበለጠ ተፈጻሚነት አለው።

አየሩን በእህል የመተካት ሐሳብም ተሞክሯል። ምስር በማንቆርቆሪያ በጥሩ ሁኔታ ይገባል፤ ሲወጣም ጀሪካኑን ገልብጦ የሚነቀንቅ ጎረምሳ እስካለ ድረስ ይወጣል። ሽሮ ግን ገብቶ አይወጣም። በመንገዱ ንዝረት ይጠቀጠቅና አንገቱ ላይ ይቆማል። አንገቱ ካልተቆረጠ ቤተሰቡ ጾሙን ያድራል፤ ከተቆረጠ ሀ የነበረው ወደ ሠ ይዛወራል። ጤና አዳም የሚያስፈልገው ሌላ ጀሪካን ተገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ ባዶውን ይሄዳል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የቆላው አየር ይጫነውና ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ የውስጡ አየር ይገፋውና ይነፋል። ከጎድጓዳነት ወደ ነፋሪትነት በሚሻገርባት ቅጽበት “ጓ!” ይላል። አሥሩ በየተራ ሲሉት ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ያቆማል። ይወርዳል፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታል፣ ምንም አያገኝም፣ ይሳፈራል። ጣሊያን በቆፈረው የ587 ሜትር ዋሻ ውስጥ ሲደገም ድምፁ ይበረታል፤ እዚያ ውስጥ ቆሞ መውረድ ስለማይቻል ሾፌሩ ጸሎት ይጀምራል። ከዚህ ጉዞ በጤና የተረፈው ምድብ ለ ብቻ ነው። ክዳን ስለሌለው ይተነፍሳል፤ ቢበዛ ፌስታሉ ይበራል። ክዳን የጠፋበትን ጀሪካን ሲንቁ የኖሩ ሁሉ ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ምድብ ረንና ሰን በዝርዝር ለመተንተን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አይሱዙው ሰንዳፋንና ለገጣፎን አልፎ ኮተቤ ገብቷል፤ መኪናው ሳይቆም ጫኝና አውራጆቹ ቆመዋል። በበጀቱ ላይ “ማውረጃ” የሚባል ርእስ የለም። አባወራው ከወንድሙ ጋር ሊያወርድ ማሰቡን ሲነግራቸው ሰፈሩ የእነሱ መሆኑን በትሕትና ያስረዱታል። ጓዙን አንድ ጊዜ ዞረው ያዩና ከጓዝ ማንሻው አበል ጋር የሚፎካከር ዋጋ ይጠራሉ።

“ጀሪካኑ ደግሞ ብቻውን ይታሰባል፣ ፋዘር።”

“ባዶ እኮ ነው!”

“ባዶም ቢሆን ይወርዳል።”

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በሒሳብ ደብተሩ ወረቀት ላይ በየትኛውም ገጽ አልተገኘም። አባወራው እያንዳንዱን በጣቱ እያነሳ ቅለቱን ያሳያል፤ እነሱም ሦስት ሆነው ይስማማሉ፤ ዋጋው ግን አይወርድም። ጭቅጭቁ ሲጦፍ አከራይዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበር ይወጣሉ። ሶፋውን አያዩም፣ ጤፉንም አያዩም። ጀሪካኖቹን በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና።

“ይኸው ነው በቃ? ውኃ እኮ እዚህ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ልጄ። ይኼ አይበቃችሁም።”

እማወራ ባሏን አትመለከተውም። ሠን አቅፋ ከጋቢና ትወርድና፣ ሾፌሩን ደሴ መቼ እንደሚመለስ፣ ሲመለስም እህቷ ቤት ጎራ ይል እንደሆነ ትጠይቀዋለች።