መለካት ለፈሪ ነው

በፈረንጆቹ 1970 የተሠራች ሼቭሮሌ ሼቬል ኤስኤስ ገዝተሃል እንበል። ሞተሯ 454 ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ 7.4 ሊትር መሆኑ ነው። ኮፈኑን ከፍተህ ለጎረቤት አሳይተሃል፣ አጠገቧ ቆመህ ፎቶ ተነስተሃል። አንድ ነውር ብቻ አለባት፤ አውቶማቲክ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ 400 የሚባለውን ካምቢዮ ይዛ ስለነበር ማርሹን ራሷ ትቀይራለች፤ አንተ ሂሳብ እንደከፈለ ተሳፋሪ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ፖንቲያክ በ1964 ጂቲኦ የተባለችውን መኪና ሲያወጣ የኸርስትን ማርሽ መቀየሪያ ከወለሉ ላይ አቁሞ ነበርና፣ እንዲህ ያለ መኪና ያለ ማርሽ ዱላ መያዝ በወዳጆቿ ዘንድ አንገት ያስደፋል።

ስለዚህ ጄኔራል ሞተርስ በኢንዲያናዋ መንሲ ከተማ ያመርተው የነበረውንና በከተማዋ ስም መንሲ የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ልትገጥም ተነስተሃል። ደግ አደረግህ። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ታክሲ ነድተህ የምታውቅ ከሆነማ ምክርም አያሻህ፤ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ሰው ፍሪሲዮን መግጠም እንዴት ያቅተዋል? ላልነዱት ግን እንደሚከተለው እመክራለሁ።

ዕቃ ስትገዛ ጥርስ አትቁጠር። ከካምቢዮው ወጥቶ ፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚገባው ዘንግ እስከ 1970 በተሠሩት አብዛኞቹ መንሲዎች ላይ 10 ጥርስ፣ ከ1971 ወዲህ በተሠሩት ላይ 26 ጥርስ አለው። ዘንጉ የሚገባበትን የፍሪሲዮን ሸራ ከአንዱ ሻጭ፣ ካምቢዮውን ከሌላው ገዝተህ ቤት ስትደርስ አስታርቃቸው። ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበትን ቮላኖ ደግሞ ከባለ 396 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የተፈታ ርካሽ ፈልግ። ቀዳዳዎቹ ልክ ይገጥማሉ፣ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አታይም። እርግጥ የ454ቱ ሞተር ሚዛን የሚጠበቀው በቮላኖው ላይ ሆን ተብሎ በተጨመረ ክብደት ጭምር ነው፤ የ396ቱ ያ ክብደት የለውም። ይህን ሞተሩ ሲነሳ የኋላ መመልከቻ መስታወቱ ይነግርሃል፤ ከኋላህ የሚመጣው አንድ መኪና ሦስት ሆኖ ይታይሃል።

ቮላኖው ያረጀና ፊቱ በሙቀት የተሰነጣጠቀ ቢሆንም አትጣለው። አሮጌ የብረት ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ላይ እያለ ተበትኖ ቁርጥራጩ ወለል በስቶ እንደሚወጣ ይወራል፤ የአሜሪካ የድራግ ውድድር ደንብም ፈጣን መኪኖች በወፍራም ብረት የተሠራ የፍሪሲዮን ቤት እንዲገጥሙ የሚያስገድደው ለዚሁ ነው። አንተ ግን ወለሉ ላይ ለማርሽ ዱላው ቀዳዳ ያስፈልግህ የለ?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የካምቢዮውን ዘንግ አፍንጫ የምትሸከም ትንሽ የነሐስ ቀለበት አለች። አውቶማቲክ መኪና ላይ ይህች ቀለበት የለችም፤ አንዳንዱ ክራንክሻፍት እንዲያውም ቀዳዳው ለእሷ በልኩ ተሞርዶ አላለቀም። ባትኖር ምን ይቀርብሃል? የአውራ ጣት ያህል ዕቃ ናት።

የፍሪሲዮኑን ቤት ስትገጥም ደግሞ ጠንቃቃ ነን ባዮች ዳያል ኢንዲኬተር ይዘው ሲመጡ ታያለህ። መለኪያውን ክራንክሻፍቱ ላይ ያስሩና ሞተሩን በእጅ እያዞሩ፣ የቤቱ መሃል ቀዳዳ ከክራንክሻፍቱ መሃል ጋር መገጣጠሙን ያያሉ። ንባቡ ከ0.005 ኢንች፣ ከ0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ ቤቱን እንደገና አውርደው፣ መሃላቸው የተዛነፈ ልዩ ፒኖች ገዝተው፣ መልሰው ገጥመው፣ መልሰው ይለካሉ። አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያልቃል። ለስንት? ለአንዲት ፀጉር ውፍረት! ዓይንህን ጨፍነህ እለፈው። ካምቢዮው በዚያች ፀጉር ምክንያት ለዓመታት ዘንጉን ጎንበስ አድርጎ ሲሽከረከር ቢኖር፣ ኩሽኔታው ቢበላ፣ ማርሹ በገዛ ፈቃዱ እየዘለለ ፎሌ ቢገባ፣ ጥፋቱን በሠራው ፋብሪካ ላይ ታላክካለህ። ፋብሪካው እንደሆነ ያንን ካምቢዮ መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ አይከራከርህም።

ሸራውን መሃል ለማስያዝ የምትሸጠው የፕላስቲክ ዘንግ ርካሽ ናት፤ ርካሽ ነገር አትግዛ። ካምቢዮውን ብቻህን፣ በጀርባህ ተኝተህ፣ ደረትህ ላይ አስተኝተህ አንሳው። ግማሽ መንገድ ገብቶ እንቢ ሲልህ ክብደቱን ሁሉ በፍሪሲዮኑ ሸራ ላይ አንጠልጥለህ ሻይ ልትጠጣ ሂድ። ስትመለስ አራቱን ቡሎኖች በተራ እያጠበቅህ ጎትተህ አስገባው። የአሉሚኒየም ጆሮ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ድምፅ ቡሎን በደንብ ሲጠብቅ ከሚያሰማው ብዙም አይለይም።

ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ እንዳለ መልሰው። የቱርቦ 400 መጋጠሚያ 32 ጥርስ፣ የአብዛኛው መንሲ 27 ጥርስ ነው፤ ርዝመቱም ያጥራል። ዝርዝር ነው።

ወለሉን ግን ካምቢዮው ገና ሳይገባ ቁረጠው። አሥር ጊዜ ቁረጥ፣ አንዴ ለካ። የማርሽ ዱላ እንደ መቀመጫው ዓይነት መታጠፊያው ስለሚለያይ፣ ለረጅሙ አግዳሚ ወንበር የተሠራውን ዱላ ለነጠላ ወንበሮች ካመጣኸው ሁለተኛ ማርሽ ባስገባህ ቁጥር ጉልበትህን ይነካካል።

መቀየሪያውን የሠራው ኸርስት ሩብ ኢንች ውፍረት ያላት አንዲት ቀጭን ፒን እንድትጠቀም ይነግርሃል። ሁሉም ክንዶች ፎሌ ላይ ሳሉ በቀዳዳቸው አሳልፈሃት ዘንጎቹን በእሷ ልክ ታስተካክላለህ ይላል። ዱላው ከልክ በላይ ሄዶ ፎርኬታ እንዳያጣምም የሚገቱ ሁለት ማቆሚያ ቡሎኖችም አሉት። ፒኗን ጣላት፣ ቡሎኖቹን እስከ መጨረሻው መልሳቸው። ማርሽ በክንድ ኃይል ይግባ እንጂ በማቆሚያ ነው እንዴ?

ፔዳሉ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ጉዞ ይተው የሚሉት ሰነፎች ናቸው። አንተ ፔዳሉ ገና ሲነካ ፍሪሲዮኑን እንዲገፋ አድርገው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ማረፊያ አጥቶ ቀን ከሌት ቢዞር የተሠራው ለመዞር ነው። አውቶማቲኩ ፎሌ ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይሠራ ይከለክል የነበረውን ሽቦም ሁለቱን ጫፍ አጣምረህ በፕላስተር ጠቅልለው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆናም ትነሳለች፤ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ባላት ርቀት ላይ ተመክተህ ቁልፉን በመስኮት ማዞር ትችላለህ።

ዘይቱ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም፤ መደርደሪያው ላይ የተረፈውን ጨምርበት። ጂኤል-4 ይሁን የሚሉት ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች በሌሎቹ ዘይቶች ቅመም እንዳይጎዱ ብለው ነው። ለዲፈረንሻል የሚጨመረው የሚያንሸራትት ማጣፈጫ ካለህ እሱንም ጠብ አድርግበት፤ ቀለበቶቹ መያዝ ሲያቅታቸው ማርሽ ስትቀይር መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያይሃል።

አዲስ ፍሪሲዮን 500 ማይል ያህል በከተማ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይነዳ ይባላል። አንተ ከጋራዥ በወጣህበት የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ፣ ጎንህ አንድ ማስታንግ መቆሙን አረጋግጠህ፣ ሞተሩን አስጩኸህ ፔዳሉን ልቀቅ። የሚሸተው ነገር ሸራው ነው። ማስታንጉን የሚነዳው ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» ካለህ ሳትደነግጥ «ኤም22 ነው» በል። ከመንሲዎቹ ሁሉ ጥርሱ ይበልጥ ቀና ተደርጎ የተቆረጠው፣ ለጥንካሬ ሲባል የሚጮኸው፣ ሮክ ክራሸር የሚሉት እሱ ነውና ሰውየው ራሱን ነቅንቆ በአክብሮት ያልፍሃል። የገዛኸው ኤም21 መሆኑን የሚያውቀው የሚከፍተው መካኒክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቅህ ስለ ክፍያው ነው።