ገና መቼ ነው? ለሲሼልስ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲሼልስ ሪፐብሊክ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት
ቪክቶሪያ፣ ማሄ ደሴት

ጉዳዩ፦ በጋችሁን ለመጎብኘት ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኔ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሄሉ ከሚባለው ሰፈር ጀሪካንና ኮንጎ ጫማ እየሸጥኩ የምኖር ጎጃሜ ነኝ። ካርታ ላይ ስትፈልጉን እንዳትደክሙ፦ ከናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ግድም ወደ ሰሜን፣ ከአዲስ አበባም ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ነን። ሁለት መንግሥታት እኩል የራቁን ሰዎች ነን ማለት ነው። ከእናንተ ጋር በአሞራ መንገድ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚለየን።

ለዚህ ደብዳቤ ምክንያቷ ልጄ ናት። በቀደም ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና "አባዬ፣ ሲሼልስ ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ደረቁ ወቅት ነው ይላል" አለችኝ። ጀሪካን እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ድርቀት ተመስግኖ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሊያየው ሲመጣ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ድርቀት እኛ ዘንድ ሞልቶ የተረፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱን አንድም ማስታወቂያ አልሠራንበትም። ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ሳለ ካሜራ ያነገቱ ሰዎች መጥተው ነበር። ቱሪስቶች መሆናቸውን ሳናውቅ ቀረንና ሻይ እንኳ አልሸጥንላቸውም።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በጋችሁ መቼ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። እናንተ ዘንድ ደረቁ ጊዜ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሲሆን፣ ታኅሣሥና ጥር ዝናቡ የሚወርድባችሁ ወራት ናቸው። ጎጃም ላለው ወንድሜ ደውዬ "በሐምሌ ለሽርሽር ልሄድ ነው" ብለው ዝም አለ። ቆይቶ "በሐምሌ?" አለኝ። "ጤናህን ነው?" ለእሱ ሐምሌ ማለት ጭቃ፣ የጤፍ እርሻና ጉም ነው። ሽርሽር ካማረው ሠርጉና ጥምቀቱ ባለበት በጥር ይሄዳል። ምክሩን ሰምቼ በጥር ብመጣ ኖሮ ከሰማይ በወረደ ጠበል ታጠምቁኝ ነበር።

ጎረቤቴ የቦረና ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላቸው። ሄሉ በገባሁበት ዓመት አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው ሰማዩን አዩና "ገና ዘገየ" አሉ። እኔም ላጽናናቸው ብዬ "አይዘገይም አባቴ፣ ታኅሣሥ 29 ነው" አልኳቸው። እንደ ሞኝ ልጅ አዩኝ። ለካስ በእሳቸው ቋንቋ ገና ማለት በፈረንጆቹ ከማርች እስከ ሜይ የሚጠበቀው ትልቁ ዝናብ ነው። ከዚያ አዶሌሳ ይመጣል፣ ደረቅና ነፋሻ። ቀጥሎ ሀገያ፣ ትንሹ ዝናብ። መጨረሻው ቦና ነው፤ ስለ ቦና ባንነጋገር ይሻላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም ገናን እንጠብቃለን፤ የእኔው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ለማንኛውም የእናንተ በጋና የእኛ አዶሌሳ አብረው የሚውሉ ሆነው አገኘኋቸው። አጋጣሚም አይደለም፤ ነፋሱ አንድ ነው። ከደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ ተነስቶ እናንተን አዳርሶ ምድር ወገብን ይሻገራል፣ የኬንያን ምሥራቃዊ ቆላ ይጠርጋል፣ በሶማሊያ በኩል ታጥፎ ወደ ህንድ ይነጉዳል። ፊንድላተር የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለጻፈበት ባለሙያዎቹ በስሙ ይጠሩታል። ታዲያ ይኸው ነፋስ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ቀዝቀዝ ያለ የባሕር አየር ተብሎ በአዳር ይሸጣል። ህንድ ሲደርስ ዝናብ ሆኖ ሩዝ ያበቅላል። መሃል ላይ ያለነው ድርሻችን አቧራው ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ቡናማ ሆነው ይጠብቁኛል። ገዢ የቆሸሸ ጀሪካን አይወድምና በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እወለውላቸዋለሁ። የጨርቁን ውሃ የማመጣው በአህያ ከሚያዞረው ልጅ ገዝቼ ነው፤ ልጁ ውሃውን የሚያዞረው ከእኔ በገዛው ጀሪካን ነው። (ነፋስን ሥራ ለማስያዝ አልተሞከረም አልልም። በካውንቲያችን በማርሳቢት፣ ሎያንጋላኒ አጠገብ፣ 365 ተርባይኖች ቆመውለታል። የሚያመነጩት መብራት ወደ ደቡብ ወደ ሱስዋ ይሄዳል። የኬንያዋ ሞያሌ ግን ለዓመታት መብራት የገዛችው ከኢትዮጵያ ነው።)

አገራችሁ ከሞላ ጎደል ከማንም ቪዛ እንደማትጠይቅ ልጄ ስታነብልኝ ደስ አለኝና ለሽማግሌው ነገርኳቸው። "እንዲህ ነው ሰው!" አሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ተነበበ፦ አስቀድሞ በኢንተርኔት ተከፍሎበት የሚወጣ የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማረፊያ፣ የቢጫ ወባ ካርድ፣ በቀን 150 ዶላር የሚበቃ ገንዘብ። ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው "አባ ሄረጋቸው ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ላስረዳችሁ። በቦረና አገር ኤላ የሚባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚደለድለው አባ ሄረጋ ነው። እንግዳ ከብት ነድቶ ሲመጣ ጎሳው ይጠየቃል፣ ከየት እንደመጣና መንጋው ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ተራም ይያዝለታል። ተራው ሊዘገይበት ይችላል። የመመለሻ ትኬትህን አሳይ ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም፤ ውሃ የጠጣ ከብት መመለሱ አይቀርም። "በቀን 150 ዶላር" ወደ 19,000 ሽልንግ እንደሚመታ ስነግራቸው ሽማግሌው በፍየል አስልተውት ዝም አሉ።

ድሮ ድሮ አፍሪካውያንን እንዲህ እንዳላስቸገራችሁ ደግሞ ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዞች የቡጋንዳውን ሙዋንጋንና የቡኒዮሮውን ካባሌጋን እ.ኤ.አ. በ1899 ማርከው በግዞት ወደ እናንተ ሲልኳቸው የመመለሻ ትኬት የጠየቀ አልነበረም። ሙዋንጋ እዚያው በ1903 ሞተ። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ በ1900 ገብቶ አገሩ የተመለሰው በ1924 ነው። 24 ዓመት በቀን 150 ዶላር ሲሰላ 1,314,000 ዶላር ይመጣል። ሒሳቡን ማን እንደዘጋው ግልጽ አይደለምና አሁን እንዳትጠይቁን።

ገንዘቡ እንዳለኝ የሚመሰክር ወረቀት ለማውጣት ወደ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ለምን ጉዳይ ነው?" አለችኝ። "በጋ ለማየት" አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ የሂሳብ መግለጫዬን አትማ ስታገላብጥ ሳቋን ተወች። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ገንዘብ የሚያስገቡት በቦና ነው" አለችኝ፣ ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ እየጎተተች። እውነቷን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሱቄ ጾም ያድራል። ኩሬው ሲደርቅ፣ የውሃ ቦቴ ሲጠበቅ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ ያኔ ጀሪካን ይሸጣል። በዚያ በአምስት ወቅቱ ድርቅ የሱቄን ጣሪያ አስቀይሬያለሁ። ስለዚህ እናንተን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ በጋ ሻጭ ለበጋ ሻጭ ነው የምጽፈው።

በዚሁ በሙያ ወንድምነታችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጋችሁን በደንብ መርምሬዋለሁ፣ የምር በጋ አይደለም። ማሄ ላይ በሐምሌ እንኳ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ በዓመት ደግሞ ከ2,000 በላይ። እኛ ዘንድ 80 ሚሊ ሜትር በሐምሌ ቢጥል በግ እናርዳለን። ይህ ሁሉ ውሃ እየወረደባችሁ ግን በደረቁ ወራት ለነዋሪው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የምትሰጡበት ጊዜ አለ አሉ። ተራራችሁ ግራናይት፣ ቁልቁለቱም ፈጣን ስለሆነ ዝናቡ ሳይያዝ ባሕር ይገባል። የላ ጎግ ግድብ ብቻውን አይበቃ፣ ጨዋማውን የባሕር ውሃ እያጣራችሁ ነው የምትደጉሙት። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ብዙዎቹ የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። ቧንቧው ሲሰልል ባልዲ ደቅኖ የሚጠብቀው አልጋ የሚያነጥፍላቸው ሰው ነው። ይህን ሳውቅ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ዋጋ ነበር ያሰላሁት።

እነሆ ሐሳቤ። የአልጋችሁን ዋጋ አልችለውም። እናንተ ግን ቢጫ፣ ባለ 20 ሊትር፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረ፣ ሲወድቅ የማይሰነጠቅ ጀሪካን ከእኔ መግዛት ትችላላችሁ። ለናሙና ሁለት ይዤ እመጣለሁ። ማረፊያዬን በተመለከተ፣ ከሆቴል ሠራተኞቻችሁ አንዱ ዘንድ ወለል ላይ ቢነጠፍልኝ ይበቃኛል፤ ማታ ውሃ ስትመጣ አብሬ እነቃለሁ፣ ልምዱ አለኝ። የመመለሻ ትኬቴን በተመለከተ ሐሳብ አይግባችሁ። በኅዳር መጨረሻ ቦና ይገባል። ሱቄን ዘግቼ እናንተ ዘንድ የምቀመጥ ይመስላችኋል?

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሄሉ ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ ሽማግሌ (ልጄ በቦረንኛ ታነብላቸዋለች)
ለወንድሜ፣ ጎጃም (ሐምሌ ካለፈ በኋላ የሚላክ)
ለነፋሱ (በሚያልፍበት ጊዜ በር ላይ የሚነበብ)